የመከላከል ዋጋ፦ ስትራቴጂ ጌሞች ጊዜን እንዴት እንደሚተምኑ

በስትራቴጂ ቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች ዘንድ ሰፈሩን በቅጥርና በማማ አጥሮ የሚጠብቅ ሰው እምብዛም አይመሰገንም። «ተርትል» ይሉታል፤ እንደ ኤሊ ድንጋዩ ውስጥ የተሸሸገ ማለታቸው ነው። ስያሜው ሁለት ወቀሳ አዝሏል። አንደኛው በስልቱ ላይ የሚነሳ ነው፤ እንዲህ የሚጫወት ሰው ሽንፈቱን ያዘገያል እንጂ አያሸንፍም ይላል። ሁለተኛው በባሕርዩ ላይ ይነሳል፤ ሰውየው ፈሪ ነው፣ የተጋጣሚውንም ጊዜ ያቃጥላል ይላል። ይህ ዳሰሳ የሚከራከረው ሁለቱም ወቀሳዎች ተጠያቂውን ስተዋል በማለት ነው። መከላከል በመሠረቱ በሀብት ጊዜን መግዛት ነው። የተገዛው ጊዜ ማትረፉን ወይም መክሰሩን በቅድሚያ የሚወስነው ደግሞ የጌሙ የኢኮኖሚ ሕግ ነው። አንድ ጌም ጊዜን በርካሽ ከሸጠ ብልህ ተጫዋች ይገዛል፤ በውድ ከሸጠ ያው ብልህ ተጫዋች ከሰፈሩ ወጥቶ ያጠቃል። ስለዚህ መከላከልን የሚመረምር ሂስ ከተጫዋቹ ድፍረት በፊት የጌሙን የዋጋ ዝርዝር ማንበብ ይኖርበታል።

የወታደራዊ ንድፈ ሐሳብ ነገሩን ቀደም ብሎ አንስቶታል። ፕሩሲያዊው ካርል ፎን ክላውዘቪትዝ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1832 መታተም በጀመረው «ስለ ጦርነት» በተሰኘው ሥራው መከላከል ከማጥቃት የበረታ የውጊያ ዓይነት መሆኑን፣ ግቡ ግን አሉታዊ መሆኑን ያስረዳል። ያለውን ለማቆየት ይበጃል፤ የሌለውን ለመጨመር አይበጅም። አጥቂው ሳይጠቀምበት ያለፈ ጊዜ ሁሉ ለተከላካዩ ገቢ ይሆንለታል። ከዚህም የተነሳ ደካማው ወገን መከላከሉ ተገቢ ነው፤ ሲበረታ ግን መልሶ መምታት ይጠበቅበታል። በእውነተኛ ጦርነት ማን በየትኛው ቀን እንደበረታ አስቀድሞ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ስትራቴጂ ጌም ግን ለእያንዳንዱ ድንጋይ፣ ቀስተኛና ሰከንድ ዋጋ ያወጣልና ሐሳቡ በቁጥር የሚፈተንበትን ዕድል ይሰጣል።

ከኢንሳምብል ስቱዲዮስ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበው «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። በዚህ ጌም ዋናው የመከላከያ ሕንፃ ካስል ሲሆን 650 ድንጋይ ያስወጣል። በጌሙ ሦስተኛ የዕድገት ዘመን ላይ ያሉ ተጋጣሚዎች ካስል ለማፍረስ ይቸገራሉ፤ ወደ ግንቡ የተጠጋ ጭፍራ በቀስት ይረግፋል። ይህ ጥንካሬ ግን የማብቂያ ቀን አለው። ተጋጣሚው 1000 ምግብና 800 ወርቅ ከፍሎ፣ 190 ሰከንድ ጠብቆ ወደ አራተኛው ዘመን ሲሻገር ትሬቡሼ የሚባለውን ድንጋይ ወርዋሪ መሥራት ይችላል። ካስሉ በ8 የካርታ ካሬ ርቀት ቀስት ይወረውራል፤ በተለመዱት ማሻሻያዎች ወደ 11 ይደርሳል። ትሬቡሼው ከ16 ካሬ ይመታል። ካስል የገነባው ተጫዋች እንግዲህ የገዛው ደኅንነት ሳይሆን ተጋጣሚው ያንን 1000 ምግብና 800 ወርቅ እስኪያጠራቅም ድረስ የሚቆይ ጊዜ ነው። ነገሩን የሚያጠናክር ሌላም ዝርዝር አለ፤ ትሬቡሼ የሚሠራው ራሱ ካስል ውስጥ ነው። ግንብ አፍራሹ መሣሪያ ከግንብ ይወለዳል። ደፋር ተጫዋችም ካስሉን ወስዶ በተጋጣሚው የእንጨት መቁረጫ አጠገብ ይተክለዋል፤ ያኔ የመከላከያው ሕንፃ የወረራ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ፣ ቀስቱም ያው ቀስት ነው፤ የተለወጠው የቆመበት ቦታና የተሠራበት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ሕንፃ በራሱ «መከላከያ» ካልሆነ፣ ሕንፃ የሚያበዛን ተጫዋች በዚያ ብቻ ተከላካይ ብሎ መፈረጅም አያስኬድም።

መከላከል የሚያስከፍለው በድንጋይ ብቻ አይደለም። በዚሁ ጌም ጥቂት ፈረሰኞች ወይም ቀስተኞች ሰፈር ሲደርሱ ተጫዋቹ ደወል ደውሎ ሠራተኞቹን ወደ መንደሩ ማዕከል ያስገባል። ማዕከሉ 15 ሰው ይይዛል፤ የገቡትም ሠራተኞች ሕንፃው በሚወረውረው ቀስት ላይ ይጨምራሉ። ላይ ላዩን ሲታይ መከላከሉ ሠምሯል፤ ማንም አልሞተም፣ አጥቂዎቹም እየቆሰሉ ይሸሻሉ። ነገር ግን ማዕከሉ ውስጥ ያለ ሰው እንጨት አይቆርጥም፣ እርሻም አያርስም። ግማሽ ደቂቃ የተቀመጡ 15 ሠራተኞች የሰባት ደቂቃ ተኩል የአንድ ሰው ሥራ ከስረዋል፤ አጥቂው በዚያው ጊዜ ሠራተኞቹን ያለ ሥጋት አሠማርቷል። ጥሩ ተከላካይ ታዲያ የሚለየው ደወሉን ባለመደወሉ ነው። ሦስት ቀስተኞች ሲመጡ የሚሸሹት ሠራተኞች ሦስት ወይም አራት ብቻ እንዲሆኑ ያደርጋል፤ የቀሩትን በሥራቸው ላይ ይተዋል፤ ቀስተኞቹ የገቡበትን ክፍተት በአንድ ረድፍ የእንጨት አጥር ይዘጋል። እዚህ ላይ መከላከል ከስንፍና ጋር ዝምድና የለውም። በየሰከንዱ ምን ያህል ፍርሃት እንደሚያዋጣ የሚያሰላ ሥራ ነው።

ሕጉ አንድ ሆኖ ካርታው ብቻ ሲለወጥስ? «ዓረቢያ» የሚባለው ካርታ ሜዳማና ክፍት ነው፤ ወርቁና ድንጋዩ በየአቅጣጫው ተበትኗል። «ብላክ ፎረስት» በሚባለው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሰፈሮችን ስለሚለያይ ጠባቦቹን መተላለፊያዎች በቅጥር መዝጋት ይቻላል። በመጀመሪያው ላይ አንድ ለአንድ ሲገጥሙ ሰፈሩን ዘግቶ የተቀመጠ ተጫዋች ጊዜ ይከዳዋል። የእርሱ የወርቅ ጉድጓድ ሲነጥፍ ውጭ ያለው ወርቅ ሁሉ የተጋጣሚው ነውና። በሁለተኛው ላይ በቡድን ሲጫወቱ ግን ከቅጥሩ በስተጀርባ ከአጋር ገበያ ጋር የሚመላለሱ የንግድ ጋሪዎች ማለቂያ የሌለው ወርቅ ያስገባሉ። ያው ሰው ዓረቢያ ላይ ወጥቶ አጥቂ፣ ብላክ ፎረስት ላይ ተቀምጦ ግንበኛ ሲሆን እናያለን። ባሕርዩ በሁለት ጨዋታዎች መካከል አልተለወጠም፤ የጊዜ ዋጋ ግን ተለውጧል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የመሰልቸት ጉዳይ ነው። ስልቱ ምክንያታዊ ቢሆንም ጨዋታውን ይገድላል፣ ተመልካችንም ያባርራል ይባላል። ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በወጣው የ«ስታርክራፍት 2» ተጨማሪ ክፍል፣ «ሃርት ኦቭ ዘ ስዋርም» ውስጥ የገባው ስዋርም ሆስት የተባለ ፍጡር ነው። ስዋርም ሆስት መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሎከስት የሚባሉ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ተዋጊዎችን በየጊዜው ይለቅ ነበር። ተጫዋቾች ዙሪያውን በመከላከያ ሕንፃ አጥረው እያስቀመጡት ውድድሮች ያለ ውጤት ለሰዓታት ይጎተቱ ጀመር። ማስረጃው ግን በቅርበት ሲታይ ለተቃውሞው አይመሰክርም። ሎከስት አጥቂ ነው፤ ችግሩም ይህ ጥቃት ምንም የማያስከፍል መሆኑ ነበር። የሞተው ሎከስት በነጻ ይተካል፣ የተቃራኒው ወታደር ግን በማዕድን የተገዛ ነው። ጨዋታውን ያቆመው እንግዲህ ዋጋ የሌለው ጥቃት ነበር። የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድም እ.ኤ.አ. በ2015 ፍጡሩን ሲያሻሽል በጥቃቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ አራዘመ፣ ሎከስቶቹም እንዲበሩ አደረገ፤ ወደ ዋጋው መለሰው ማለት ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ሌጋሲ ኦቭ ዘ ቮይድ» ደግሞ የመነሻ ሠራተኞች ቁጥር ከ6 ወደ 12 ከፍ አለ፤ በየሰፈሩ ካሉት የማዕድን ክምሮች ግማሾቹ ከ1500 ወደ 900 ወረዱ። አንድም የመከላከያ ሕንፃ ሳይከለከል ተጫዋቾች ቶሎ ቶሎ አዲስ ሰፈር ፍለጋ እንዲወጡ ተገደዱ። ሰልቺነቱ የተጫዋቾቹ ጥፋት ቢሆን ኖሮ የማዕድን መጠን በመቀነስ ባልታረመ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ መከላከል የጀማሪዎች መጠለያ ነው፣ ታላላቆቹ በማጥቃት ነው የሚያሸንፉት የሚል ነው። ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጀማሪ ተጫዋች የሚፈራውን ሁሉ በግንብ ሊመልስ ይሞክራል። የታላላቆቹ ታሪክ ግን የተለየ ነገር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው «ስታርክራፍት» እና በተጨማሪ ክፍሉ «ብሩድ ዋር» ላይ ከነገሡት ደቡብ ኮሪያውያን አንዱ፣ «ፍላሽ» በሚል ስም የሚታወቀው ሊ ዮንግ-ሆ፣ በሁለቱ ታላላቅ የግል ውድድሮች ሦስት ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ የታወቀውም በስስት ሁለተኛ ሰፈር ቀድሞ በመክፈትና ያንን ስስት በትንሽ ኃይል በመከላከል ነው። በዚህ ጌም ባንከር የሚባል አንድ ምሽግ 100 ማዕድን ያስወጣል፣ አንድ ሠራተኛ ደግሞ 50፤ ስለዚህ ያለ አስፈላጊነት የተሠራ እያንዳንዱ ባንከር ሁለት ያልተወለዱ ሠራተኞች ማለት ነው። የታላቅ ተጫዋች መከላከል ሊያድነው የሚችለውን የመጨረሻውን ትንሽ ዋጋ መክፈል ነው። ቴራን የሚባለው ወገን ሲያጠቃም ይኸው አመክንዮ አይለቀውም። ሲጅ ታንክ ሲተከል መንቀሳቀስ ያቆማል፣ የተኩስ ርቀቱ ግን ወደ 12 ይረዝማል። ቴራኑ ጥቂት ታንኮችን ተክሎ፣ ከኋላ ያሉትን ነቅሎ ወደፊት እየተከለ ሲገሰግስ የምናየው ጥቃት በተከታታይ የሚራመድ የመከላከያ መስመር ነው።

መከላከል በውድድር መድረክ የሚወቀሰውን ያህል በትረካ ውስጥ ይመሰገናል፤ ይህም ኢትዮጵያውያን አንባቢዎችን በቀጥታ የሚመለከት ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለ«ሲቪላይዜሽን 5» በወጣው «ጎድስ ኤንድ ኪንግስ» ውስጥ ኢትዮጵያ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ቀርባለች። ልዩ ችሎታዋ «የዐድዋ መንፈስ» ይባላል፤ ከእርሷ የበለጠ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ የሠራዊቷ ኃይል በ20 በመቶ ይጨምራል። መሀል ሰፋሪ የሚባለው ልዩ ጦሯም ዋና ከተማዋ አጠገብ የ30 በመቶ ብልጫ ያገኛል፤ ከከተማዋ በራቀ ቁጥር ብልጫው ይቀንሳል። ሕጉ የሚሸልመው ትንሽ ሆኖ መቅረትንና ከቤት አለመራቅን ነው። አክብሮቱ ግልጽ ነው፤ የዐድዋን ስሌት ግን አሳስቶታል። የዐፄ ምኒልክ ጦር ከሸዋ ተነስቶ ረጅም መንገድ የዘመተ፣ በቁጥርም ከጣሊያን ጦር እጅግ የሚበልጥ ነበር። ግንብ ውስጥ ተቀምጦ የጠበቀው ወገን በመቀሌ የጣሊያን ጦር ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ባቀዱት መሠረት የምንጩ ውኃ ሲያዝበት ምሽጉ በጥር 1888 ዓ.ም. ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሠራዊት ስንቅ እያጠራቸው ተፋጠጡ፤ ማን ይበልጥ መታገሥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ዋናው ውጊያ ሆነ። ከሮም ግፊት የበረታበትና ስንቁ ያለቀበት ጄኔራል ባራቲየሪ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ብርጌዶቹ በተራሮቹ መካከል ተለያይተው የካቲት 23 ቀን ድል ተመቱ። «ሲቪላይዜሽን 5» የመቶኛ ብልጫ ያለበሰው ድል በውኃ፣ በእህልና በቀናት ሂሳብ የተገኘ ነው። የጌሙ ሕግ የተከላካይነትን ክብር ወሰደ፣ የጊዜን ዋጋ ግን ተወው።

ክርክሩ ገደብ እንዳለው መታወቅ ይኖርበታል። ሁሉም ነገር የሕጉ ውጤት ነው ከተባለ ተጫዋቹ ከፍርድ ነጻ ይወጣል፤ በመልካም ተጫዋችና በመጥፎ ተጫዋች መካከል ያለው ልዩነትም ይጠፋል። ሕጉ የሚወስነው ጊዜ በስንት እንደሚሸጥ ነው፤ የተገዛው ጊዜ ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ግን ተጫዋቹ ነው። ካስል ገንብቶ ከኋላው እርሻ የዘረጋ፣ ወደ ቀጣዩ ዘመን የተሻገረና የተጋጣሚውን ትሬቡሼ በፈረሰኛ ለመምታት የተዘጋጀ ሰው ተከላክሏል። ካስል ገንብቶ ሁለተኛ ካስል ለመገንባት ድንጋይ የሚቆጥር ሰው ግን ጊዜ ገዝቶ መልሶ ጥሎታል፤ ወቀሳው የሚገባው እርሱን ነው፣ የሚወቀስበትም ምክንያት ፍርሃቱ ሳይሆን ብክነቱ ነው። ከዚህ በመነሳት ሂስ ለጌሙ ሠሪና ለተጫዋቹ የተለያየ ጥያቄ ማቅረብ ይኖርበታል። ሠሪው ጊዜን በትክክለኛ ዋጋ ሸጧል ወይ? ተጫዋቹስ በገዛው ጊዜ ምን አፈራ? እነዚህ ሳይመለሱ ከሰፈር አለመውጣት ብቻውን ለወቀሳም ለምስጋናም አይበቃም።