ቡናውን የምታፈላዋን ጠይቁ

ጉንደ ወይን አዲስ የተመደበች ነርስ «ጋሼ፣ የጃጀ ሰው ድባቴ ይይዘዋል እንዴ? ያስከፋውን ነገር ራሱ ይረሳው የለ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ኋላ ግን አፈርሁ። እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ ነበር የማስበው። ነገሩ ይረሳል፤ ሆድ መባሱ ግን አይረሳም።

ልጅቱ የምትሟገተኝ ፒኤችኪው ዘጠኝ የተባለውን የድባቴ መጠይቅ ይዛ ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» እያለ የሚጠይቅ ቅጽ ለጎልማሳ ደህና ነው። ቁርሱን መብላቱን ለማያስታውስ ሽማግሌ ግን ምን ይፈይዳል? በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ለጃጁ ሰዎች ድባቴ የተዘጋጀው የኮርኔል መለኪያ ይሻላል፤ 19 ነጥቦቹን ታማሚውንም አስታማሚውንም ጠይቆ ነው የሚሞላው። እኔ አስታማሚውን አስቀድማለሁ። አስታማሚ ስል በበዓል ከባሕር ዳር መጥቶ «ደህና ናቸው» የሚለውን የበኩር ልጅ አይደለም፤ ቡናውን የምታፈላዋን ምራት ነው።

ኮርኔልም ቢሆን ጎጃምን አያውቅም። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ፣ የጃጁ አንድ የኔታ ነበሩ። ቅጹ ሌሊት መንቃትን ይቆጥርባቸዋል፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ለማኅሌት ሲነሱ የኖሩ ናቸው። ምግብ መቀነስን ይቆጥራል፤ ጊዜው ሁዳዴ ነው። ምራታቸው ግን «አቦል ሲቀዳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ድሮ በረካውን ሳይጠጡ አይነሱም ነበር። ‹ሸክም ሆንሁባችሁ› እያሉ ያለቅሳሉ» አለችኝ። ይኸው ነው! ፍዘት ብቻ ቢሆን ስኒውን ሲሰጧቸው ዝም ብለው ይቀበሉ ነበር፤ የፈዘዘ ሰው ራሱን ሲወቅስ ብዙም አላየሁም።

ልጅቱ አሚትሪፕቲሊን ልትጽፍ ብዕር አነሳች። እጇን ያዝሁ፤ ያ ክኒን የቀረቻቸውንም ትውስታ ያደበዝዛል። ይልቅ አንድ የቆሎ ተማሪ ማታ ማታ እየመጣ ቅኔውን እንዲነግራቸው ለመንነው። የልጃቸውን ስም የረሱት የኔታ፣ ቤት ሲያጎድል ቀና ብለው ያርሙት ጀመር። ቡናውንም ቀስ በቀስ ተመለሱበት፤ በረካው ድረስ ባይሆንም።

ስለዚህ ነገር ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል ይሉኛል። እናቴ ሞጣ፣ የመጨረሻ ሁለት ዓመቷን ጥግ ይዛ ስታለቅስ «እርጅና ነው» ያልሁ እኔ ነኝ። ያኔም ነርስ ነበርሁ። ቡናውን የምታፈላላት እህቴ ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።