ሥዕሉ ቴርሞሜትር ነውን?

አልትራሳውንድን በአንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ፣ ቢላዋ ሳይነካ የታመመውን ክፍል በሙቀት ማጥፋት ዛሬ የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ይህንኑ በማግኔቲክ ሬዞናንስ ሥዕል ስለ መቆጣጠር በሚጻፈው ውስጥ ግን ሐኪሙ ሙቀቱን በዓይኑ እያየ ይሠራል የሚል አነጋገር ደጋግሞ ያጋጥመናል። አነጋገሩ ለጆሮ ያምራል፤ እኛ ግን እንዳለ ልንቀበለው አልቻልንም።

ሥዕሉ የሚያሳየው ምን እንደሆነ እንመልከት፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሂንድማን በ1966 ዓ.ም. እንደገለጠው ውሃ በሞቀ ቍጥር የሃይድሮጅን ትስስሩ ይላላል፤ ስለዚህም የፕሮቶኖቹ ድግግሞሽ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ዝቅ ይላል። ኢሺሃራና ባልደረቦቹ በ1995 ዓ.ም. ይህን ኢምንት ለውጥ ከሞገዱ ደረጃ አንብበው የሙቀት ካርታ አደረጉት። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ካርታው የሚገኘው ከማሞቁ በፊት የተነሣውን ሥዕል ከኋለኛው ጋር በማነጻጸር ስለሆነ የሚነግረን ጭማሪውን ብቻ ነው። የወጣውን ዳገት ቆጥሮ የተነሣበትን ቀዬ የማይናገር መንገደኛ ይመስላል። መነሻውን፣ ብዙውን ጊዜ 37 ዲግሪ ብሎ፣ የሚጨምርበት ሰው ነው።

የሁለት ዲግሪ ስሕተት ምን ይጎዳል የሚለን ቢኖር ሒሳቡን እናሳየው። ሳፓሬቶና ዴዊ በ1984 ዓ.ም. ባወጡት ስሌት መሠረት ከ43 ዲግሪ በላይ አንድ ዲግሪ በተጨመረ ቍጥር ለዚያው ውጤት የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ43 ዲግሪ 240 ደቂቃ የሚፈጀው ጥፋት በ54 ዲግሪ 7 ሰከንድ፣ በ56 ዲግሪ ግን ከ2 ሰከንድ ያነሰ ይበቃዋል። አንጎል በሚታከምበት ጊዜ ደግሞ በራስ ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘዋወራል፤ በአንዱ ማሞቅና በሌላው መካከል ያለው ዕረፍት ካጠረም የቀደመው ሙቀት ሳይበርድ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሁኔታ 37 ብሎ መነሣት ልኬት ሳይሆን ግምት ነው።

ከዚህ የከፋው ካርታው ጭራሽ የማያይበት ስፍራ መኖሩ ነው። በስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን እንደ ውሃው ስላልተሳሰረ ሲሞቅ ድግግሞሹ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ጠንካራ አጥንትም ምልክት እምብዛም አይሰጥም። ድምፁን አብልጦ ውጦ የሚሞቀው ግን ይኸው አጥንት ነው! በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ በተፈቀደው፣ ፋይብሮይድ የተባለውን የማሕፀን ዕጢ በማጥፋት ሕክምና ድምፁ የሆድን ስብ አቋርጦ ያልፋል፤ ከዕጢው በስተኋላም አጥንትና ነርቭ አለ። ቀለሙ ያልተለወጠውን ስፍራ ሁሉ ያልሞቀ ነው ብሎ ማንበብ ሕመምተኛዪቱን ለቃጠሎ ማጋለጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የታተመው የእጅ መንቀጥቀጥ ጥናት መልካም ውጤት ማሳየቱን አንክድም፤ ከ76 ሕሙማን 56ቱ እውነተኛውን፣ 20ዎቹ የማስመሰያውን ሕክምና አግኝተው ተነጻጽረዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ሕክምና ራስ በብረት ተይዞ አይንቀሳቀስም፤ ሕመምተኛውም ነቅቶ ነው የሚተኛው። መጀመሪያ በዝቅተኛ ኀይል ስፍራው ይፈተናል፤ በየመካከሉም ጠመዝማዛ መስመር እንዲስል ይጠየቃል። በእኛ አስተያየት ይህች መስመር ከካርታው ያላነሰች ምስክር ናት። ጉበት ግን በእስትንፋስ ይንቀሳቀሳል፤ መስመር የሚያሥሉት እጅም የለውም።

ስለዚህ የሙቀት ካርታ የሚያትም ሁሉ መነሻውን ስንት እንዳደረገና በምን እንደለካው እንዲጽፍ፣ ስብና አጥንት ያለበትንም ስፍራ ቀለም ሳይቀባ ባዶውን ትቶ እንዲያሳይ እንጠይቃለን።