የፈረምኩትን ውል ከ11 ዓመት በኋላ ሳነበው

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ከአገር ቤት ፎቶ ላከችልኝ። ደላላው የሰጣት የኮንትራት ወረቀት ነው፤ ከላይ እስከ ታች ዓረብኛ። ከሥሩ «እትዬ፣ ምን ይላል? ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጽፋለች።

ወረቀቱን አየሁትና አወቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 ቤይሩት ስገባ የመክተቡ ሰውዬ ካቲብ አድል ዘንድ ወስዶ ያስፈረመኝ እሱኑ ነው። ያን ቀን ማንም አላነበበልኝም። ሰውዬው ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ «ሆን» አለኝ፤ እኔም «ሆን» ያለበት ቦታ ፈረምኩ። በዚህ አገር መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «እዚህ ጋ» ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የማዳምን ትንሽ ልጅ የቤት ሥራ ሳሠራ አብሬው አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ፊደሉ ቀስ እያለ ገባኝ። ዘንድሮ በአክስቴ ልጅ ሰበብ፣ አንዲት ሱዳናዊት ጓደኛዬ የከበደኝን ቃል እየፈታችልኝ፣ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። እዚህ መጽሔት ላይ ስለ ፊልምም ስለ መጽሐፍም አስተያየት ስንጽፍ ኖረናል። ሕይወታችንን ከሁሉም በላይ የወሰነውን ጽሑፍ ግን አንዳችንም አልነካነውም። ጠበቃ አይደለሁም። እንደ አንባቢ ነው የምጽፈው።

ጽሑፉ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልናገርና ወደ ውስጡ ልግባ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው። አንቀጽ 7 ላይ በግለሰብ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያስወጣል። ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ስለ ሰዓቷ፣ ስለ ፈቃዷ ሕግ አላት፤ እኛ የለንም። ያን ቀዳዳ ለመድፈን ይመስላል፣ የሥራ ሚኒስቴር በ2009 መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ውል አወጣ፤ ሁላችንም የምንፈርመው እሱን ነው። ስለዚህ ይህ ወረቀት ለእኛ ተራ ውል ብቻ አይደለም፤ ሕጉ በሩን ስለዘጋብን የሕግን ቦታ የያዘው እሱ ነው። የምመዝነውም በዚያ ልክ ነው።

ወረቀቱ ቀጣሪውን «አንደኛ ወገን»፣ እኛን «ሁለተኛ ወገን» ይለናል። በዚህ አልከፋም፤ ውል ሁሉ እንዲህ ነው አሉኝ። የከፋኝ ለሁለቱ ወገኖች የተሰጠው ቃል ነው። ሁለተኛዋ ወገን ሥራዋን በትጋትና በቅንነት ልትሠራ፣ ትእዛዝ ልትቀበል፣ የቤቱን ልማድና ምስጢር ልትጠብቅ ቃል ትገባለች። ቅንነት! ከእኛ የሚጠየቀው ከልብ የሚወጣ ነገር ነው። ከእነሱ የሚጠየቀውስ? ምግብ፣ ልብስና መኝታ ክብሯንና የግል ኑሮዋን በሚጠብቅ ሁኔታ ይሰጣታል ይላል። ሲያነቡት ያምራል። ግን ክብር ስንት ሜትር በስንት ሜትር ነው? በር አለው? እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የተኛሁት በመስታወት በተዘጋ ባልኮን ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ነው። ማዳምን «ክብሯን ጠብቀሻል ወይ?» ብትሏት አዎን ትላለች፤ ፍራሽ ገዝታልኛለችና። ቃሉ ስላልተለካ ውሸታም ልትባል አትችልም።

ቁጥር ያለበትን ቦታ ደግሞ እንይ። ሥራው በቀን ከ10 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ ግን «ያልተከታተለ» የምትል ቃል ገብታበታለች። በሌሊት ቢያንስ 8 ሰዓት ተከታታይ እረፍት አለ። እርሳስ ይዤ ደመርኩት፤ 10 እና 8፣ 18 ነው። የቀሩት 6 ሰዓታት የማን ናቸው? ወረቀቱ ዝም ይላል። ኑሮ ግን መልሱን ነግሮናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትነሻለሽ፣ ቁርስ፣ ልጆች፣ ወለል፤ ከሰዓት ትንሽ አረፍ በይ ትባያለሽ፣ ገና ጋደም ስትይ እንግዳ መጣ፣ ቡና አምጪ። ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚቆጥር ሰው ቢመጣ 10 ሰዓቱ አልሞላም ሊልሽ ይችላል። «ያልተከታተለ» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ውጣዋለች። ከወረቀቱ ሁሉ በደንብ የተሠራችው ቃል እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ የተሠራችው ግን ለእኛ አይደለም።

የሳምንት እረፍትም እንደዚያው ነው። በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ እረፍት አለን። ይህን ስናገር የሳቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቀጥሎ ግን እረፍቱን የምትጠቀምበት ሁኔታ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይወሰናል ይላል። ማዳም «እሁድ እረፊ፣ ግን ከቤት አትውጪ» ብትል ከወረቀቱ አልወጣችም። የመግቢያ በሩን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ አልተጻፈም። ፓስፖርታችን የት እንደሚቀመጥም ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። በወር አንድ ጊዜ በቀጣሪው ወጪ ወደ ቤተሰብ ስልክ መደወል ግን ተጽፏል። የጻፈው ሰው ስልክ የሌላትን ሴት በዓይነ ኅሊናው አይቷል፤ ፓስፖርቷ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈባትን ግን አላየም፣ ወይም አይቶ አልፏል። በ2014 አንድ የቤይሩት የአስቸኳይ ጉዳዮች ዳኛ የአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ፓስፖርት እንዲመለስላት ወስኗል። ውሉ ዝም ያለውን ዳኛው ተናገረ። ለዚህ አንዲት ሴት ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ነበረባት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ውሉ እንዴት ይፈርሳል?

ቀጣሪው ሠራተኛዋ ሆን ብላ ካጠፋች፣ ቸል ካለች፣ ካስፈራራች ወይም ጥቅሙን ከጎዳች ሊያቋርጥ ይችላል። ቸል አለች የሚለው ማነው? እሱ ራሱ። እኛ የምናቋርጠው ደግሞ ሦስት ወር በተከታታይ ደመወዝ ካልተከፈለን፣ ከተደበደብን ወይም ከተደፈርን፣ አለዚያም ሳንስማማ ሌላ ሥራ ከሠራን ነው። ድብደባውና መደፈሩ በሐኪም ወረቀትና በፖሊስ ወይም በሥራ ሚኒስቴር የምርመራ መዝገብ መረጋገጥ አለበት። እስቲ አስቡት። በሩ የተቆለፈባት፣ ጎረቤት እንዳታነጋግር የተከለከለች ልጅ ሐኪም ዘንድ የምትሄደው በማን መኪና ነው? በሚስተር መኪና? የእሱ ቃል በራሱ ይበቃል፣ የእሷ ቃል ማኅተም ይፈልጋል። የጽሑፉን ሚዛን ለማወቅ ሌላ ነገር ማንበብ ላያስፈልግ ይችላል።

«ሦስት ወር በተከታታይ» የሚለውንም አትለፉት። አንድ የማውቀው ቤት ለጓደኛዬ ሁለት ወር ይዘልሉና በሦስተኛው የአንድ ወር ብቻ ይሰጧት ነበር። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በዓመት 8 ወር ሳይከፍሉ ውሉን አላፈረሱም ማለት ነው። አንብበውት ይሁን በደመ ነፍስ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ብታልፊም ደግሞ ኢቃማሽ በካፊሉ ስም ነው። ተናዙል ካልፈረመልሽ ሌላ ቤት በሕግ መግባት አትችይም። ስለዚህ በእኛ አፍ «ሥራዬን ለቀቅሁ» የሚል ቃል የለም፤ «ጠፋሁ» ነው የምንለው። እነሱ «ሀርባኔ» ይላሉ። ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ሥራ ትለቃለች፣ እኛ እንጠፋለን። ይህን ቃል እኛው ራሳችን ብንተወው ደስ ይለኛል፤ እኔም ብሆን ገና ከአፌ አልወጣልኝም።

እስካሁን ወቀሳ ብቻ ሆነ። ግን «ወረቀት ነው፣ ተይው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አንዲት መስመር ጠቅማኛለች። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ በሙሉ በእጅ ይከፈላል፣ ሁለቱም ወገኖች ደረሰኝ ላይ ይፈርማሉ ይላል። ይህን አንብቤው ሳይሆን አንዲት የቆየች እህት ነግራኝ ነው ያወቅሁት፤ ደብተር ገዝቼ ማዳምን በየወሩ አስፈርማት ነበር። መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ በኋላ ለመደች።

ከዚያ ሊራው ወደቀ። የእኔ ውል ላይ 200 ዶላር ተብሎ ተሞልቷል። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ማዳም 300,000 ሊራ ትሰጠኝ ጀመር፤ «በመንግሥት ዋጋ 200 ዶላር ነው» አለች። አልዋሸችም፣ የመንግሥቱ ዋጋ አንድ ዶላር በ1,507 ተኩል ሊራ ነበር። ሰራፍ ዘንድ ግን ሊራው በየወሩ ያንስ ነበር። እኔ በደብተሬ ላይ በአማርኛ «በሊራ ተሰጠኝ» ብዬ የቀኑን ምንዛሪ አጠገቡ እጽፍ ነበር፤ እሷ የማታነበው ጽሑፍ ሥር ፈረመች። ቂም አልነበረም፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እኔ የጻፍኩትን እሷ ሳታነብ መፈረሟ እንዳስደሰተኝ አልደብቅም። በ2021 ስወጣ ደብተሩን ለሚስተር አሳየሁት። በእኔ ስሌት የጎደለብኝ ወደ 1,800 ዶላር ነው። 600 ሰጠኝ። ውሉ «በሙሉ» ይላል እንጂ በየትኛው ገንዘብና በየትኛው ምንዛሪ አይልም፤ ያ ሁሉ ብር የሾለከው በዚያ ክፍተት ነው። ደብተሩ ባይኖር ግን 600ውም አልነበረም።

በዚያው በ2020 ብዙ እህቶቻችንን ቀጣሪዎቻቸው ሐዝሚዬ ቆንስላው ደጃፍ ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄደዋል። ያኔ የአየር ቲኬቱን ቀጣሪው ይችላል የሚለው አንቀጽ የት ነበር? ወረቀቱ ላይ ነበር። ቀጣሪው ባይፈጽም ምን እንደሚደርስበት ግን አልተጻፈም፤ ቅጣት የሌለው አንቀጽ ደጃፍ ላይ የተጣለችን ሴት ሊያነሳት አልቻለም።

ሌላ ወረቀት እንደነበረም ማወቅ ይገባል። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስትሯ ላሚያ ያሚን አዲስ ውል አወጡ። በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ ለትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ፓስፖርትሽ በእጅሽ፣ በእረፍትሽ ሰዓት ከቤት መውጣት፣ ያለ ካፊሉ ፈቃድም ውሉን ማቋረጥ። ሳነበው አንድ ነገር ገረመኝ፤ አሮጌው ዝም ያለባቸው ቦታዎች ላይ ሁሉ ይናገራል። የጻፉት ሰዎች የእኛን ሰው አነጋግረዋል ብዬ ገመትኩ። ጉድለትም አለበት። ደመወዙን ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር አሰረው፤ ያኔ 675,000 ሊራ ነው፣ ከላዩ ለምግብና ለመኝታ ተብሎ ይቀነሳል። በዚያ ወር በጥቁር ገበያ ሳይቀነስ እንኳ 100 ዶላር አይሞላም። ወረቀቱ ገና ሳይደርቅ ሊራው ከሥሩ ሸሸበት።

ግን ለመፈተንም አልደረሰም። የመክተብ ባለቤቶች ማኅበር የሹራ ምክር ቤት ዘንድ አቤት አለ፣ ምክር ቤቱም በጥቅምት 14 ቀን 2020 ውሉን አገደው። ቅር ያለኝ መታገዱ ብቻ አይደለም። የመክተቦቹ ጥቅም ተጎዳ ተብሎ ሲታገድ፣ ወረቀቱ የተጻፈላት ሁለተኛዋ ወገን በክርክሩ ውስጥ የለችም። መክተቡ ውሉ ላይ አንደኛም ሁለተኛም ወገን አይደለም፤ ግን ውሉን የሚያቆም ክንድ ያለው እሱ ሆኖ ተገኘ። እኛም ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ውል መኖሩን የሰማነው ከታገደ በኋላ ነው። ሁለተኛ ወገን ሆነን ለመከራከርም አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልግ ነበር።

ስለ አማርኛው አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጊዜ የሚታደሉን የመብት ወረቀቶች «ተዋዋይ ወገኖች በስምምነታቸው መሠረት የሚኖሩባቸው ግዴታዎች» እያሉ ይጀምራሉ። ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ በዚህ ቋንቋ ከተነገራት ከዓረብኛው ብዙም አይሻላትም። «ደረሰኝ አስፈርሚ፣ ቀኑን ጻፊ፣ በሊራ ነው ወይስ በዶላር ጠይቂ» ማለት ይቻል ነበር።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በድምፅ ላክሁላት፤ 20 ደቂቃ ሙሉ፣ እየቆራረጥኩ። 10 ሰዓት ይላል፣ ግን 16 ትሠሪያለሽ። እረፍት ይላል፣ መውጣት አይልም። ፓስፖርት አይልም። «አትምጪ» አላልኳትም። እኔ የመጣሁበትን ምክንያት እሷም አላት፤ የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን እንደሚከፍል አውቃለሁ።

ማታ መለሰችልኝ። «እትዬ፣ ሁሉም ገብቶኛል። ግን ስንት ይከፍላሉ ይላል?»

ፎቶውን እንደገና ከፍቼ አሰፋሁት። ደመወዝ የሚለው ቃል ከነጥብ ነጥቡ ጋር አለ። ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ አልተሞላም። ከታች ግን ጥግ ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ትንሽ የኤክስ ምልክት አድርጓል፤ የምትፈርምበትን ቦታ ነው ያሳያት።