የእጅ ልክ

በጥሩ እጅ የተገጣጠመ ኮምፒውተር የጎን ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ባዶ ቦታው ነው። ከፊት ካሉት ፋኖች እስከ ፕሮሰሰሩ ድረስ ያለው የአየር መንገድ ክፍት ነው፤ በመሃሉ የተንጠለጠለ ገመድ የለም። ወፍራሙ ባለ 24 ፒን የኃይል ገመድ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ተጉዞ፣ ከመሰኪያው አጠገብ ባለው ቀዳዳ ብቅ ብሎ፣ ሳይወጠርና ሳይጠማዘዝ ቦታው ላይ ያርፋል። ግራፊክስ ካርዱ ወደ ታች ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የብሎኖቹ ራስ አልተፋቀም፤ በዙሪያቸውም ካቻቢቴ ያመለጠበት ጭረት አይታይም። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ “ንጹሕ ሥራ ነው” ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ቆም ብዬ ማየት እወዳለሁ፤ እዚያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር አንድ ሰው በትዕግሥት የወሰነው ውሳኔ ነውና።

ኮምፒውተር መገጣጠም ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ግማሽ እውነት አላቸው። ክፍሎቹ ያለቦታቸው እንዳይገቡ በቅርጽና በምልክት ተለይተው ነው የሚሠሩት። ይሁንና የጀማሪን ስሕተቶች አንድ በአንድ ስመለከታቸው አብዛኞቹ ወደ አንድ ምንጭ ይመለሳሉ፤ እሱም የእጅ ልክ ነው። ጀማሪ መጫን በማይገባው ቦታ ይጫናል፤ ጠበቅ አድርጎ መጫን በሚገባው ቦታ ደግሞ ፈርቶ ይተዋል። ባለሙያን ባለሙያ የሚያሰኘው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚገባውን ግፊት ማወቁ ነው።

ነገሩን በአንድ በሚታወቅ ፕሮሰሰር እንከተለው። ራይዘን 5 5600 ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያወጣው፣ ስድስት ኮር ያለው፣ ኤኤም4 በተባለው ሶኬት ላይ የሚቀመጥ ፕሮሰሰር ነው። የዚህ ሶኬት ቀዳዳዎች 1,331 ናቸው፤ ወደነሱ የሚገቡት ቀጫጭን ፒኖች የበቀሉት ከፕሮሰሰሩ ሆድ ነው። አንዱን በጥፍር ነካ አድርጎ ማጣመም ይቻላል። ባለሙያው አስቀድሞ ባዶውን የኬዝ ብረት ይነካል፤ ሰውነቱ ላይ የተጠራቀመው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወጣለት ነው። ወደ 3,000 ቮልት ካልደረሰ በቀር ይህ ብልጭታ ለቆዳችን አይሰማም፤ ቺፕን ለመጉዳት ግን ከዚያ ብዙ ያነሰው ይበቃል። ከዚያ የሶኬቱን ማንሻ ቀጥ አድርጎ ያነሣል፣ ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ብቻ ይይዛል፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ የወርቅ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር ያገጥማል፣ ያስቀምጠዋል። አይጫነውም። ሶኬቱ የተሠራው ያለ ምንም ግፊት እንዲቀበል ነው፤ ፒኖቹ በፕሮሰሰሩ በራሱ ክብደት ይወርዳሉ። ሶኬቱ ፒኖቹን ጨብጦ የሚይዘው ማንሻው ሲመለስ ነው። አልገባ ያለ ፕሮሰሰር ወይ ዞሯል፣ ወይ ፒኑ ተጣሟል፤ በአውራ ጣት የተጫነው ጀማሪ ይህን የሚያውቀው ካበላሸው በኋላ ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ፒኖቹን ወደ ማዘርቦርዱ አዛውሯል፤ ኤኤምዲም በ2022 በኤኤም5 ተከትሎታል። አደጋው ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ክፍቱ ሶኬት ነው፤ ጥሩ ገጣጣሚም የሶኬቱን የፕላስቲክ ክዳን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አያነሣም፤ ካነሣውም በኋላ አይጥለውም።

ራም ላይ ሲደርስ እጁ ይለወጣል። የዲዲአር4 ራም 288 የመገናኛ ነጥቦች አሉት፤ በመካከላቸው ያለችው ክፍተት ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን የወጣች ናት፣ ተገልብጦ እንዳይገባ። አቅጣጫው ከተስተካከለ በኋላ ግን ራም ልመና አይሰማም። በሁለቱም ጫፍ በእኩል ኃይል፣ ሰሌዳው ጥቂት ጎበጥ እስኪል ድረስ ይጫኑታል፤ መያዣው “ቀጭ” ሲል ገብቷል ማለት ነው። ጀማሪ ሰሌዳው ሲጎብጥ ይደነግጥና መንገድ ላይ ይተወዋል። ከዚያ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ደህና የነበረ ማዘርቦርድ “ተቃጥሏል” የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ራሙ የሚገባበት ቦታም ዕውቀት ይጠይቃል። አራት ማስገቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ ሁለት ራም ያለው ሰው ከፕሮሰሰሩ ወደ ውጭ ሲቆጥር በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ያስገባል። ጎን ለጎን ያደረጋቸው ጀማሪ ኮምፒውተሩ ስለሚነሣለት ስሕተቱን ላያውቀው ይችላል፤ ራሞቹ ግን በአንድ መስመር ብቻ ይሠራሉ። ፍጥነቱ 3200 የሆነ ራም በአንድ መስመር በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት መስመር ሲሠራ 51.2 ይሆናል። በዚያ ላይ በ3200 የተሸጠው ራም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሲነሣ የሚሠራው በ2133 ወይም በ2400 ነው። የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም በሆነው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስ ኤም ፒ የተባለውን ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል። ያለዚህ ባለቤቱ የገዛውን ፍጥነት ሳያገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ማቀዝቀዣው ደግሞ ሌላ ዓይነት ልክ አለው። የፕሮሰሰሩ ክዳንና የማቀዝቀዣው ግርጌ ለዓይን መስታወት የመሰሉ ቢሆኑም ፊታቸው በማይታዩ ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ሙቀት አሳላፊ አይደለም። የቴርማል ፔስት ሥራ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የአተር ፍሬ ያህል በመሃሉ ጠብ ይደረግና የማቀዝቀዣው ግፊት ራሱ ይዘረጋዋል። ከበዛ ወደ ሶኬቱ ይፈስሳል፤ ካነሰ ጠርዙ ደረቅ ይቀራል። ከ5600 ጋር አብሮ የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ የተባለው ማቀዝቀዣ ግርጌው ላይ ፔስቱ ከፋብሪካ ተቀብቶ ነው የሚደርሰን፤ በላዩ ሌላ መጨመርም ሆነ በጣት መንካት አያስፈልገውም። ለብቻቸው የሚሸጡ ማቀዝቀዣዎች ግርጌ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ይመጣል፤ ያን ሳያነሡ መግጠም በጣም ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው።

ሬይዝ ስቴልዝ የሚታሰረው በአራት ባለ ስፕሪንግ ብሎኖች ነው። እሱን ለማሰር መጀመሪያ ከሰሌዳው ላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች ይፈታሉ፤ እነሱ ሲፈቱ ከጀርባ ያለው ደጋፊ ብረት ሊወድቅ ስለሚችል ባለሙያው በሌላ እጁ ደግፎ ይይዘዋል። ከዚያ ብሎኖቹን በሰያፍ ያጠብቃል፤ አንዱን ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ በሰያፍ ያለውን፣ ከዚያ ሌላውን። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ማቀዝቀዣውን ያዘነብለዋል፤ ፔስቱም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ስፕሪንጉ ታምቆ ብሎኑ ሲቆም እጅም ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ኃይል ምንም አያቀዘቅዝም።

የሥራው ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጥንቁቅ ገጣጣሚ ማዘርቦርዱን ኬዝ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት በገዛ ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ግራፊክስ ካርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ሰክቶ ያስነሣዋል። ችግር ካለ ችግሩ የሚፈለገው በጥቂት ዕቃዎች መካከል ነው። ይህን ያልፈለገ ችኩል ግን ሁሉን አስሮ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ሁሉን ይፈታል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ነው። ከዚያ የኬዙ ተራ ይመጣል። ለኋላ መሰኪያዎች የሚሆነው ስስ የብረት ክፈፍ ከሰሌዳው ጋር ተያይዞ ካልመጣ በቀር አስቀድሞ ይገባል፤ የተረሳ እንደሆነ ሰሌዳው ተመልሶ መውጣት አለበት። ሙሉ መጠን ያለው የኤቲኤክስ ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፤ የሚያርፈውም ከኬዙ ብረት ከፍ አድርገው በሚይዙት ትንንሽ የብረት እግሮች ላይ ነው። እግሮቹ ከሰሌዳው ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ያለ ቀዳዳ የቀረች አንዲት እግር የሰሌዳውን ጀርባ ነክታ ሾርት ልታደርገው ትችላለች። ባለሙያው እግሮቹን ቆጥሮ፣ የማያስፈልጉትን ነቅሎ ነው ሰሌዳውን የሚያሳርፈው።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ አንድ ስሕተት ለእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለ። አዳዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ስለሚለዩ ይህ መቀየሪያ የላቸውም። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ግን መቀየሪያው 115 ላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ መግቢያው ላይ ያለው ሰርኪዩት የመጣለትን ቮልቴጅ እጥፍ እንዲያደርግ የተዘጋጀ ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ ሲሰካ እያንዳንዱ ትልቅ ካፓሲተር ወደ 311 ቮልት ይሞላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተሠራው 200 ቮልት ያህል ለመቻል ነው። የሚሰማው ፍንዳታ ከዚህ የመጣ ነው። ጥሩ ገጣጣሚ የግድግዳውን ሶኬት ከመንካቱ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ ያያል፤ የዚህ ጥንቃቄ ዋጋ ሁለት ሰከንድ ነው።

የፋኖቹ አቀማመጥም የቦታ ዕውቀት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚዞር ፋን ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የተዝረከረከ ገመድ ሌላ ቦታ የመልክ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ከሳሳው አየር ላይ መቀነስ ነው። የበጋው አቧራም አለ። ባለሙያው ማጣሪያ ባለው ፊት በኩል የሚያስገቡትን ፋኖች ከሚያስወጡት ያበዛል፤ ያኔ በኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ትንሽ ስለሚበልጥ አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም። ፋን ሲገጥምም አቅጣጫውን አይገምትም፤ አየሩ የሚወጣው ሞተሩን የሚይዘው መስቀል ባለበት ጀርባ በኩል ነው።

መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የማብሪያው ሽቦ ቢገለበጥ ግድ የለም፤ የመብራቶቹ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስላላቸው ከተገለበጡ አይበሩም። ሥፍራቸው የተጻፈው በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ነው፤ ብዙ የሠራ ሰውም ቢሆን ገጹን ገልጦ ያያል። ከዚያ ስክሪኑ ይሰካል። 5600 በውስጡ የግራፊክስ ክፍል የለውም፤ ስለዚህ የስክሪኑን ኬብል ከግራፊክስ ካርዱ ትቶ ማዘርቦርዱ ላይ የሰካ ሰው ጥቁር ስክሪን ብቻ ያያል። ሰሌዳው ፕሮሰሰሩ ከመውጣቱ በፊት የተመረተ ከሆነም ባዮሱ ሳይታደስ ላያውቀው ይችላል። እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ የሚያጣራ ሰው ደህና ዕቃ ወደ ሻጩ አይመልስም።

የተዋጣለት ግጥጥም ትልቁ መለኪያው፣ በእኔ እምነት፣ ሌላ ሰው ሳያበላሸው ሊፈታው መቻሉ ነው። እዚህ አገር ኮምፒውተር ብዙ ዓመት ይሠራል፤ ራም ይጨመርለታል፣ ዲስኩ ይቀየራል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። ብሎኑ በልኩ የጠበቀ እንደሆነ የሚቀጥለው ሰው ራሱን ሳይፍቅ ይፈታዋል። ገመዱ በልኩ የታሰረ እንደሆነ ማሰሪያው ሲቆረጥ ሽቦው አይጎዳም። የደረቀ ፔስት ማቀዝቀዣውን ከኤኤም4 ፕሮሰሰር ጋር ስለሚያጣብቅ ማንሻው እንደተዘጋ ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ነቅሎ ሊያወጣው ይችላል፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተሩን ጥቂት አስነሥቶ ያሞቀዋል፣ ካጠፋውና ኤሌክትሪኩን ከነቀለ በኋላም ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ ዞር ዞር አድርጎ ያላቅቀዋል። ይህን ለደንበኛው የሚነግር ገጣጣሚ ከእሱ በኋላ ለሚመጣውም እጅ ያስባል።

የተረፉት ገመዶችም ከዚህ ይቆጠራሉ። ገመዶቹ የሚነቀሉለት ሞጁላር ፓወር ሰፕላይ በራሱ ወገን ያሉት መሰኪያዎች በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት የሽቦ አሰላለፍ የላቸውም። የሌላ አምራች ገመድ በቅርጹ ቢገባም 12 ቮልቱን 5 ቮልት በሚጠብቅ ቦታ ላይ አምጥቶ ዲስኩን ሊያቃጥል ይችላል። ኮምፒውተር ለማስገጣጠም የሚሄድ ሰው ዋጋውን ከተስማማ በኋላ የተረፉትን ገመዶች፣ ብሎኖቹን፣ የሶኬቱን ክዳንና መመሪያውን በካርቶን ይጠይቅ። ሳይጠየቅ አዘጋጅቶ የሚያስረክበው ገጣጣሚ ከተገኘ ደግሞ የጠየቀው የእጅ ዋጋ ይገባዋል፤ ጓደኛም ይላክለት።