የአየር ሁኔታ ካርታና የተዘጋጀ ምልክት

በአሜሪካ በቦልደር ከተማ በዩኒዳታ የተዘጋጀውና በነፃ የሚታደለው «ኢንተግሬትድ ዳታ ቪወር» የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለአየር ሁኔታ ትምህርት የሚያገለግል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም በካርታ ላይ ምልክትና ቅርጽ ለመሳል፣ የተሳለውንም ለማረም የሚረዳውን ክፍል ነው።

መሣሪያው በአሠራሩ የሚነቀፍ አይደለም። መስመር፣ ባለ ብዙ ጎን ቅርጽ፣ ቀስት፣ ጽሑፍ፣ የአየር ግንባርና የሰማይ ሁኔታ ምልክቶች በአንድነት ቀርበዋል። የተሳለው ይነሣል፣ ይለጠጣል፣ ይሠረዛል። ይበልጥ የሚመሰገነው ግን ምልክቱ የሚተከልበትን መሠረት ተጠቃሚው እንዲመርጥ ማድረጉ ነው፤ በኬክሮስና በኬንትሮስ ላይ ወይም በሥዕሉ የራሱ ልኬት ላይ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ነገር ያልፈዋል። ተማሪው በጎሬ ላይ ያኖረው የዝናብ ምልክት በሥዕሉ ልኬት የተተከለ ከሆነ ግን የካርታው ፕሮጀክሽን ሲለወጥ ጎሬ ቦታዋን ትለቃለች፤ ዝናቡ ባለበት ይቀራል። ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ከሰዓቱ ጋር ያልተያያዘ የቀትር ምልክት ካርታዎቹ በተከታታይ ሲታዩ ሌሊቱን ሲዘንብ ያድራል። ለመምህር ከዚህ የተሻለ የጥያቄ ምንጭ የለም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የአየር ግንባር ጽንሰ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ በኖርዌይ በበርገን ከተማ በያኮብ ብየርክነስና በባልደረቦቹ የዳበረ ሲሆን፣ ስሙም ያን ጊዜ ካበቃው የዓለም ጦርነት ግንባር የተወሰደ ነው። ለቀዝቃዛው ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን፣ ለሞቃቱ ቀይ ግማሽ ክብ የሚደረግበት ይህ ሥርዓት የመካከለኛው ኬክሮስ ሰማይ ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ የምትገኘው ግን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ነው። በበልግና በበጋ ወራት የመካከለኛው ኬክሮስ አየር ወደ እኛ እንደሚዘልቅ አይካድም፤ የክረምቱን ዝናብ የሚመራው ግን በየወቅቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚመላለሰው የነፋሳት መገናኛ ቀጠና ነው። በዚያ ነፋሳት ይገናኛሉ እንጂ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር በአንድ ስለታም መስመር አይለያዩም። ይሁን እንጂ የተዘጋጀ ምልክት ያገኘ ተማሪ በሐምሌ ካርታ ላይ ሰማያዊውን ሦስት ማዕዘን ከመተማ እስከ ሰመራ ቢደረድር ፕሮግራሙ አይከለክለውም፤ ሥዕሉም ያምራል። የተሳሳተ ካርታ ማማሩ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። ስለዚህ መምህሩ ለክረምት ካርታ የግንባሩን ምልክት አስቀርቶ ቀስትና ተራ መስመር ቢያዝ ይሻላል፤ ተማሪው ቀስቶቹ የሚገናኙበትን ራሱ ይፈልግ።

የዝናብ ምልክትም ጥንቃቄ ይሻል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጥቦች ሳያቋርጥ የሚዘንብ ቀላል ዝናብ ማለት ናቸው፤ በድንገት ወርዶ የሚያባራው ቀላል ዝናብ ግን የተገለበጠ ሦስት ማዕዘንና በላዩ አንድ ነጥብ ነው። ሁለቱን መለየት የደመናን ዓይነት መለየት ነው።

ስለ ማረም አንድ ነገር እንጨምር። እርሳስ ሲፋቅ ዱካ ይተዋል፤ እዚህ ግን የተነሣው መስመር ድራሹ ይጠፋል፣ መምህሩም የመጨረሻውን መልስ እንጂ የተማሪውን አስተሳሰብ አያይም። ሥዕሉ በፋይል ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ከእርማት በፊትና በኋላ ያለው ለየብቻ ተቀምጦ መስመሩ ለምን እንደተነሣ በካርታው ላይ በአጭር ጽሑፍ ይገለጽ። ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት ይኸው ሥራ በሁለት ስስ ወረቀትና በሁለት ቀለም እርሳስ ይሠራል፤ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም መልመጃውን ሲነድፉ ከዚህ ቢጀምሩ ይመረጣል።