«ውሃው በ100 ዲግሪ ፈላ»፤ ስለ ላቦራቶሪ ሪፖርት አጻጻፍ የቀረበ ትችት

ስለ ሳይንስ ትምህርት ችግር በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠቀሰው የዕቃ ማነስ ነው። የዕቃ ማነስ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ሞልቶ ሙከራው ከተሠራ በኋላም የሚቀር አንድ ጉድለት አለ። ይኸውም የሪፖርቱ አጻጻፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነው ወደ ኮሌጅ ይዘነው የመጣነውን የላቦራቶሪ ሪፖርት ነው።

የሪፖርቱ ቅርጽ በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው፤ ዓላማ፣ ዕቃዎች፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ። ቅርጹ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሌላ ሰው ሙከራውን ደግሞ ለመሥራት እንዲችል፣ የታየውንም ከተገመተው ለይቶ እንዲያውቅ የሚረዳ ሥርዓት ነው። የሚነቀፈው ከአምስቱ ክፍሎች አራቱ ሙከራው ሳይጀመር ሊጻፉ መቻላቸው ነው። ዓላማው፣ ዕቃዎቹና አሠራሩ ከመጽሐፍ ይገለበጣሉ፤ ማጠቃለያውም በዓላማው ውስጥ አስቀድሞ ተነግሯል። የተማሪው የራሱ ሆኖ የሚቀረው ውጤቱ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመጽሐፉ ጋራ ካልተስማማ እንዲስማማ ይደረጋል።

ለምሳሌ ያህል ከሁሉ የቀለለውን ሙከራ እንውሰድ። ተማሪው ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ እንዲለካ ይታዘዛል። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የአየሩ ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በሆነበት፣ ማለት በባሕር ወለል አጠገብ፣ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 570 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ «ውሃው በ100 ዲግሪ ፈላ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያነበበው ቴርሞሜትሩን ሳይሆን መጽሐፉን ነው።

92 ብሎ የጻፈውስ? እርሱም ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ሥር «ልዩነቱ በሰው ስሕተት የመጣ ነው» የምትል ዐረፍተ ነገር ይጨምራል። ይህች ዐረፍተ ነገር በሪፖርቶቻችን ውስጥ እጅግ የምትደጋገም፣ ነገር ግን ምንም የማትናገር ናት። የማን ስሕተት? በየትኛው ልክ? ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ወይስ ዝቅ? አትመልስም። በዚህ ሙከራ ግን ስሕተት የለም። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት በግምት አንድ ዲግሪ ይቀንሳልና 8 ዲግሪው ጉድለት ብቻውን የከተማዪቱን ከፍታ ይናገራል። ተማሪው የአገሩን ከፍታ ለክቶ ሳለ ይቅርታ ጠየቀበት።

ልዩነትን ሳይሸሽጉ መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ሎርድ ሬይሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ናይትሮጅንን ሲመዝን ከአየር የተገኘው በኬሚካል ከተሠራው ጥቂት ከብዶ አገኘው። ነገሩን አልሸፈነም፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 «ኔቸር» ለተባለው መጽሔት ጽፎ የኬሚስቶችን አስተያየት ጠየቀ። ሙከራውን ቢደጋግምም ልዩነቱ አልጠፋም። በአንዱ መመዘኛ ፊኛ ልክ ከአየር የተገኘው 2.310 ግራም ሲመዝን በኬሚካል የተሠራው 2.299 ግራም ሆነ። ከዚህም የተነሣ በ1894 ከዊልያም ራምሲ ጋራ ሆኖ አርጎን የተባለውን ጋዝ አገኘ። በ1904 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሲ በኬሚስትሪ። ሬይሊ «የሰው ስሕተት» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ከአየሩ መቶኛ አንድ ያህል የሚሆነው ይህ ጋዝ በዚያን ጊዜ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል። በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሪፖርቱን ዐረፍተ ነገሮች በቃል ይዘን እንደግማቸዋለን። «ተለካ፣ ታየ፣ ተረጋገጠ» በሚሉት ቃላት ውስጥ የለካው፣ ያየው፣ ያረጋገጠው ሰው አይታይም። ሰው በሌለበት ደግሞ ኀላፊነት የለም።

በመምህራን በኩል የሚቀርብ መልስ እንዳለ እናውቃለን። የሚታረመው ሪፖርት ብዙ ነው፤ የታወቀ መልስ ከሌለም ማርክ መስጠት ያስቸግራል ይባላል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ማርኩ ለትክክለኛው ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው ቁጥሩን ማስተካከል የሚማረው ከመምህሩ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቁጥር በላቦራቶሪው ውስጥ በቀለም ይጻፍ፤ የተሳሳተውም በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። ሁለተኛ፣ ከመጽሐፉ የተለየ ውጤት ምክንያቱ በመጠን ተገልጾ ሲቀርብ ሙሉ ማርክ ያግኝ። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንዳንዱ ሙከራ መልሱ በመጽሐፍ የማይገኝ ይሁን፤ የሰፈርን ምንጭ ውሃ መመርመር ብዙ ዕቃ አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ስለ ማርክ ብቻ የተነገረ አይደለም። ዛሬ 92ን ወደ 100 የሚያስተካክለው ተማሪ ነገ በሐኪም ቤት የደም ምርመራ፣ በመንገድ ሥራ የሲሚንቶ ጥንካሬ፣ በከተማ የመጠጥ ውሃ ይለካል። በዚያን ጊዜ መልሱን የሚነግረው መጽሐፍ አይኖርም፤ የሚጠበቅበትን ቁጥር የሚነግረው አለቃ ግን ሊኖር ይችላል። ያየውን የመጻፍ ልማድ በዚያን ቀን በድንገት አይገኝም፤ ከአሁኑ በሪፖርታችን ልንማረው ይገባል።