በሥዕል መካከል የቆመ ሰው

ሥዕል ሲባል በክፈፍ ተወስኖ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ወደ አሳባችን ይመጣል። ክፈፉም ለተመልካቹ ድንበር ነው። ፓኖራማ የተባለው የሥዕል ዓይነት ግን ይህን ድንበር አፍርሶ ተመልካቹን ከመካከል ያቆመዋል። ዘዴውን በ1787 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ መንግሥት ዘንድ በስሙ ያስመዘገበው ሮበርት ባርከር የተባለ ሠዓሊ ነበር።

ሸራው በክብ ቤት ውስጥ ዙሪያውን ይዘረጋል። ተመልካቹ በጨለማ መተላለፊያ አልፎ ከመካከል ወዳለው ሰገነት ይወጣል። የሸራው የላይኛው ጠርዝ ስለሚሸፈን፥ ብርሃኑም ከላይ ስለሚወርድ፥ ዓይን የሥዕሉን መጀመሪያና መጨረሻ አያገኝም። በቴያትር ቤት ከመድረኩ በስተኋላ ጎብጦ የሚዘረጋው ሰማይ መሰል መጋረጃም የዚሁ ዘመድ ነው።

ለመሆኑ ዓይንን ማታለል ብቻውን ኪነ ጥበብ ይባላልን? አይባልም እንላለን። ፍርዳችንንም በሁለት ሥዕሎች እናስረዳለን። ሁለቱም የተነሡት ፈረንሳይና ፕሩሲያ በ1870 እና በ1871 ካደረጉት ጦርነት ነው። አንቶን ፎን ቨርነር በ1883 በበርሊን የከፈተው የሴዳን ፓኖራማ የአሸናፊዎቹን ገድል ለአሸናፊዎቹ ሕዝብ አሳየ። ኤድዋር ካስትር የተባለው ስዊሳዊ ሠዓሊ ግን በ1881 ከረዳቶቹ ጋር የሣለው፥ ዛሬም በሉሰርን ከተማ የሚታየው ሥዕል፥ የተሸነፉትን ያሳያል። በየካቲት ወር 1871 የጄኔራል ቡርባኪ ጦር 87,000 ያህል ሆኖ የስዊስን ድንበር ሲሻገር፥ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን በበረዶው ላይ ሲከምሩ፥ ፈረሶቹ በራብ ሲወድቁ፥ ያገሩም ሰዎች ስደተኞቹን ሲረዱ እናያለን። ካስትር በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል ፈቃደኛ ሆኖ አገልግሎ ነበርና የሣለው ያየውን ነው።

ሸራው ከላይ ተቆርጦ ዛሬ ቁመቱ 10 ሜትር ያህል፥ ዙሪያውም 112 ሜትር ያህል ነው። ከሰማዩ ብዙ ጐድሎበታል፤ ነገር ግን ኃይሉ ከስፋቱ ብቻ የመጣ ስላልነበረ አልሞተም። ወደየትም ብንዞር መከራው ከፊታችን ነው፤ ፊታችንን የምናዞርበት ባዶ ግድግዳ የለም። የካስትር ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎች ለትዕቢት ያዋሉትን ክብ እርሱ ለርኅራኄ አዋለው።

ይሁን እንጂ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዙሪያውን ሁሉ ያየ ሰው እውነቱን ሁሉ ያየ ይመስለዋል፤ ሰገነቱን የተከለለት ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ካለ ሥዕል መካከል በቆምህ ጊዜ፥ «ምን አየሁ?» ከማለትህ አስቀድመህ «ያቆሙኝ ከማን ወገን ነው?» ብለህ ጠይቅ።